ጥጋቡ ሊጡ

ስለ ጥጋቡ አውሪልን ካላችሁኝ አወራለሁ፤ አፌን ግን አትያዙኝ። የሞተ ሰው ደግ ደጉ ይወራለታል። ጥጋቡ አልሞተም። እዚሁ መካነ ኢየሱስ፣ ከታችኛው ሠፈር፣ ደጁ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። የምናገረው ከከፋው መጥቶ ይክሰሰኝ።

ትውልዱ ስማዳ ነው። አባቱ ጎበዝ አራሽ፣ እናቱ ደግ ሴት ነበሩ ይባላል፤ እሱን ከየት እንዳመጡት እግዜር ይወቀው። እረስ ሲሉት ሞፈሩ ይጠፋበታል፤ በሬው ከተጠመደ ደግሞ ወገቤን ይላል። «እንግዲያው ይማር» ብለው ለየኔታ ቢሰጡት ፊደሉን ሳይጨርስ ዓይኔን አመመኝ ብሎ ተመለሰ። በስድሳ ዘጠኝ ሚሊሺያ ሲመለመል ያባቱ ደስታ አይጣል ነበር አሉ፤ ሌላው አባት ሲያለቅስ የእሱ አባት በሬውን ሲያጠጣ ያፏጭ ነበር። ኦጋዴን ወርዶ የውኃ ቦቴ ነዳ። ይህን የነገረኝ አብሮት የነበረ ሰው ነው። እሱማ ታንክ ነው የነዳሁት ይላል። ድንቄም ታንክ!

ሲመለስ መንጃ ፈቃድና ጥቁር መነጽር ይዞ መጣ። ያን ጊዜ የገበሬዎቹ አገልግሎት ማኅበር አንዲት አሮጌ ፒካፕ ደርሳው ነበር፤ ከስንት እጅ ዞራ ዞራ፣ በሯ በሽቦ ታስሮ። በከተማው መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበር ጥጋቡ ሹፌር ሆነ። መሆኑስ ይሁን። ግን ይሄ ሰውዬ ሹፌር መሆኑን ለአንድ ቀን እንኳ ረስቶት አያውቅም። ከቤቱ እስከ ሽንት ቤቱ ሲሄድ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያዞረ ነው። ቦይ በተሻገረ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋል። ደግሞ ያበራል ብሎ የመኪናዋን መሪና ፊት ለፊቷን ለጋ ቅቤ ይቀባታል። ቅቤ እኮ ነው የምላችሁ! ሚስቱ ሐረገ ወይን ለራሷ ፀጉር ያጣችውን ቅቤ። በጋ ሲሆን ዝንቡ መስተዋቱን ሸፍኖ መንገድ አያሳይም፤ እሱ ግን በዝንቦቹ መካከል ቀና ብሎ ይነዳል።

ጋቢና የሚቀመጠው የማኅበሩ ሊቀመንበርና መልከ ቀና ሴት ብቻ ነው። መሪጌታ ቀለመ ወርቅን የመሰሉ ትልቅ ሰው፣ ጥምጣማቸውን ይዘው፣ ከኋላ ከማዳበሪያ ጆንያ ጋር ይጫናሉ። «አንቱ፣ አጥብቀው ይያዙ!» ብሎ ይጮህባቸዋል። አክብሮቱ በዚሁ ያልቃል።

እኔ ካሰች ነኝ። አረቄ አውጥቼ ነው የምኖረው። ጥጋቡ ደንበኛዬ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ዳምጤ ደግሞ የከተማው መካኒክ ነው፤ ጎንደር ጋራዥ ሠርቶ ነው የመጣ። ወንድሜ ስለሆነ አላሞግሰውም። አኩራፊ ነው፣ ኩራቱ ለጉድ ነው፣ ዘይት በነካ እጁ እንጀራዬን ይቆርሳል። በዚያ ዓመት ክረምት መውጫ ላይ የፒካፗን የሞተር ጓርኒሲዮን፣ ዘይት እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚነጠፈውን፣ የቀየረው እሱ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀን ድፍድፌን ጥጄ አረቄ ሳወጣ ጥጋቡ ጎኔ ቁጭ ብሎ ያያል። መቼም አረቄ ሲወጣ ታውቁታላችሁ። ድፍድፉ በማሰሮ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ውስጥ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። ማሰሮውና መቃው የሚጋጠሙበት ካልተለሰነ እንፋሎቱ ያመልጣል፣ አረቄውም ውኃ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ሰው በጭቃ ይለስናል፤ እኔ ከእናቴ በያዝሁት ሙያ የዳጉሳ ሊጥ ከአመድና ከደቃቅ የጤፍ ጭድ ጋር ለውሼ ነው። ጭዱ ሊጡ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። በከተማው እንዲህ አድርጋ የምትለስን ከእኔ በቀር አልነበረችም።

በዚያ ቀን በአንድ ጎን ሽው ብሎ እንፋሎት ሲያመልጥ ሊጡን ለጠፍሁበት።

«ለምንድነው የምትደፍኚው?» አለኝ።

«ጉልበቱ በእንፋሎቱ ነዋ የሚሄድ! እንፋሎቱ ከወጣ ምኑ ቀረ?»

አሰበ። ጥጋቡ ሲያስብ አይታችሁ ከሆነ ያስፈራል፤ ግንባሩ ይኮማተራል፣ አፉ ይከፈታል። ቆይቶ «ሊጡ ሙቀት ይችላል?» አለኝ።

«ካንተ ፊት ይሻላል» አልሁት። ሳቀ። አንድ ጭብጥ ሊጥ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። የንብ ቀፎ ሊመርግበት ነው ብዬ ዝም አልሁ። እኔ ስለ አረቄ ተናገርሁ እንጂ ስለ ሞተር አልተናገርሁም! ዛሬም ቢሆን «አንቺ አይደለሽ የነገርሽው» የሚለኝ ሰው አለ፤ እቴ! በሬ ይቀለባል ስል የሰማ ሰው ሞፈሩን ድርቆሽ ቢያበላው ጥፋቱ የእኔ ነው?

ያደረገውን ልንገራችሁ። ከሞተሩ ራስ ተነስቶ ወደ አየር ማጣሪያው የሚሄድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አለ። ዳምጤ እንዳስረዳኝ፣ ሞተር ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ክፉ ጭስና የዘይት ትነት ይጠራቀማል። በዚያ ቱቦ ወጥቶ ተመልሶ በሞተሩ ይቃጠላል እንጂ ሜዳ ላይ አይለቀቅም። በአጭሩ መተንፈሻው ነው። ጥጋቡ ይህን ቱቦ ነቅሎ ቢያይ ትነቱ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። «አሃ! ጉልበቷ የሚያልቀው በዚህ ኖሯል!» አለ። ሊጤን ጠቀጠቀበትና ቱቦውን መልሶ ቆንጆ አድርጎ ሰካው።

ይህን አድርጎ ዝም ቢል ጥጋቡ አይደለም። በየሄደበት «መኪናዬን ጉልበት ጨምሬላታለሁ፤ ምስጢሩን ግን መሐንዲስም አይደርስበት» ይላል። በገበያ አለ፣ በእድር አለ፣ እኔ ቤት ስንት ጠጪ በተሰበሰበበት አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ብዙም አልቆየ፣ ፒካፗ ማጨስ ጀመረች። የምን ማጨስ! ደን የተቃጠለ ይመስል ሰማያዊ ጭስ እየጎተተች ትሄዳለች። ዳገት ላይ አቅም ታጣለች፣ ዘይቷ በየስፌቷ ይንጠባጠባል። መሪጌታ ከደብረ ታቦር ሲመለሱ ጥምጣማቸው ጠቁሮ፣ እያሳሉ ወረዱና «ልጄ ካሰች፣ የእሳት ሠረገላ ላይ ወጥቼ ነበር፤ ዳሩ ኤልያስ አይደለሁምና መለሰኝ» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልኝም።

ጭሱ ሊቀመንበሩ ላይ ደረሰዋ። ጓድ ታከለ ነው ስሙ። ይሄኛውንም እንደ ጥጋቡ ላውራው ብል አንድ ቀን አይበቃኝም፤ ባጭሩ ካኪ የለበሰ ጡሩምባ በሉት። ደብረ ታቦር ትልልቅ እንግዶች ተሰብስበው ሳለ ፒካፗ በመካከላቸው ገብታ ሁሉንም በጭስ ሸፈነቻቸው። አንዱ ሹም እያሳለ «ጓድ፣ ይሄ ምንድነው?» አለው። ጓድ ታከለ አፍሮ፣ ተቃጥሎ ተመለሰና ጥጋቡን ጠየቀው። ጥጋቡም መነጽሩን አስተካክሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዳምጤ ከነካካት ወዲህ ነው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በዚያው ምሳ ሰዓት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወንድሜን እንጀራው ላይ እንዳለ አነሱት። ክሱ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት አበላሽቷልና ደብረ ታቦር ይላካል ተባለ። የዛሬ ልጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አታውቁም። ከእኛ ሠፈር ብቻ በአሻጥር ተብለው የሄዱ ነበሩ፤ እናቶቻቸው ስንቅ ይዘው ሄደው ስንቁን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጥጋቡ ያውቅ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጭሱ ከሊጡ እንደመጣ አውቆ ነው ወይ ዳምጤን የሰጠው? ይህን እኔም ስንት ዓመት አሰብሁት። አያውቅም ነበር። ሊጡማ ጉልበት መጨመሪያው ነው! የሚያበግነኝ እኮ ይሄ ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ በወግ እጠላው ነበር።

ቀሚሴን ሰብስቤ ጓድ ታከለ ዘንድ ሄድሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜን ደብረ ታቦር በምን ይወስዱታል?»

«በፒካፗ ነዋ!»

«ፒካፗ እኮ ዳገቱን አትወጣም። የሚጠግናትም ያሰሩት ሰው ነው።»

ይህን አላሰበበትም ነበር። ብዙ ተቁነጠነጠና ወሰነ። ቅዳሜ፣ በስብሰባው ሜዳ፣ ሕዝብ ባለበት እስረኛው ይጠግናታል። «ከጠገናት ያበላሸውን ያውቀዋል ማለት ነው፤ አሻጥረኛ ነው። ካልጠገናት እንቢ ብሏል ማለት ነው፤ አሻጥረኛ ነው» አለኝ። በዚህ ብልሃቱ ራሱ ተደነቀ።

«እንግዲያው አርፎ ቢቀመጥ አይሻለውም?» አልሁት። ምላሴን ሊቆርጠው ሲነሳ ወጣሁ።

ቅዳሜ ሕዝቡ ተሰበሰበ። ግራ እጅ ወደ ላይ፣ ይውደም ይውደም ተባለ፤ ምን እንደሚወድም የጠየቀ የለም። ፒካፗ መሐል ቆማለች። ጥጋቡ መነጽሩን አድርጎ፣ ያንኑ ቅቤውን ቀብቷት፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሚዜ ጎኗ ቆሟል። ዳምጤን አምጥተው እጁን ፈቱለት። ከስቷል። ሰላምም አላለኝ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ኮፈኗ ሄደ። ያች ኩራቱ በዚያ ቀን እንኳ አልለቀቀችውም።

አስነሳት። ሜዳው በጭስ ተሞላ፣ ሕዝቡ አፍንጫውን ያዘ። ዳምጤ ከኋላ ዞሮ ጭሱን አየው። «ነጭ ቢሆን ውኃ ነው፣ ጥቁር ቢሆን ቤንዚን በዝቶባታል። ይሄ ሰማያዊ ነው፤ ዘይት ነው የምታቃጥል» አለ። ካንዴላዋን፣ ያችን እሳት የምትጭረውን፣ ፈትቶ አሳየ፤ በዘይት ርሷል።

«በለው! ጓርኒሲዮኑን አበላሽቶት ነው!» አለ ጥጋቡ።

ዳምጤ ዞር ብሎም አላየው። ሞተሯን መልሶ አስነሳና የዘይት መሙያውን ክዳን ሊከፍት ሲል «ራቅ በሉ» አለ። ጓድ ታከለ ራቅ የሚል ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ጠጋ አለ። ክዳኑ ሲላቀቅ ፏ! ብሎ የታፈነው ትነት ከነዘይቱ ፈንድቶ ካኪው ላይ አረፈ። ከአንገት እስከ ቀበቶ። ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ፤ መሪጌታ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ዳዊት የሚደግሙ መሰሉ።

«ታፍናለች። መተንፈሻዋ ተደፍኗል» አለ ዳምጤ። ቱቦውን ነቅሎ በአፉ ነፋው። ጉንጩ ተወጠረ እንጂ አያልፍም። ሽቦ አጥፎ ገፋ፣ ገፋ፣ ከዚያ አንድ የጠቆረ ድርቅ ያለ ነገር መሬት ላይ ዱብ አለ። ያረረ ዳቦ ነው የሚመስል።

ጓድ ታከለ አነሳና «ያውላችሁ! የደበቀውን በገዛ እጁ አወጣው!» አለ። ጠባቂዎቹ ወደ ዳምጤ ተንቀሳቀሱ። ሄድሁና ያንን ነገር ከጓድ ታከለ እጅ ነጥቄ ለሁለት ሰበርሁት። ውስጡ ጭድ አለ። የጤፍ ጭድ፣ ከአመድ ጋር።

«ይሄ የእኔ ሊጥ ነው» አልሁ።

«ልጄ፣ ዝም በይ እንጂ!» አሉ መሪጌታ። እውነታቸውን ነው፤ በገዛ አፌ አንገቴን ሰጥቼ ነበር።

«ሊጡ የእኔ ነው፣ ከቤቴ የወሰደው ግን ሌላ ነው። ጥጋቡ! ያ መሐንዲስ የማይደርስበት ምስጢርህ ይኸው ወጣ። እስቲ ለሕዝቡ አስረዳ!»

ይክዳል ብዬ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይክዳል። እሱ ምን አደረገ መሰላችሁ? መነጽሩን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ለስብሰባ ንግግር እንደሚያደርግ ሰው ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ጓዶች፣ ነገሩ አልገባችሁም። የመኪና ጉልበት በእንፋሎቷ ነው። እየወጣ ሲያልቅ አይቼ እኔ ነኝ የደፈንሁት። እስካሁን የነዳችው በዚያ ነው!»

ጉድ በል ጎንደር!

ዳምጤ ቱቦውን ጠርጎ መልሶ ሰካና አስነሳት። ይባስ ብላ ጨሰች! ጭሱ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። «አያችሁ? አያችሁ? ሊጡ ሲወጣ ባሰባት!» እያለ ጥጋቡ እየዘለለ ያጨበጭባል። ጓድ ታከለ ዳምጤን አፈጠጠበት። እኔ እመቤቴን እየጠራሁ ነው።

«በማርሚታዋ፣ በጭስ ማውጫዋ ሆድ ውስጥ፣ የተጠራቀመ ዘይት አለ። እሱ ይቃጠል፤ ታገሡ» አለ ዳምጤ።

ታገሥን። መቼም ሰው የጭስ ማውጫ እንደዚያ አፍጥጦ አይቶ አያውቅም። እየሳሳ መጣ። ከሰማያዊ ወደ ግራጫ፣ ከግራጫ ወደ ምንም። በመጨረሻ ሞተሯ ድም ድም ትላለች፣ ከኋላዋ ያለው ዛፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

ጓድ ታከለ ግን ሕዝብ ተሰብስቦለት ባዶ እጁን አይሄድም። ጣቱን ወደ ጥጋቡ ቀሰረ። «እንግዲያው አሻጥረኛው አንተ ነህ! በገዛ አፍህ አምነሃል። እሰሩት! በዚችው መኪና ዛሬውኑ ደብረ ታቦር!»

ወንድሜን ያሰሩበትን ገመድ ለጥጋቡ አደረጉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ይበልህ፣ ደግ አደረገህ አልሁ። ከዚያ ሐረገ ወይን ነጠላዋን ጥላ፣ እየጮኸች መሬት ላይ ወደቀች። ጥጋቡ ደግሞ አሁንም አልገባው፤ ገመዱን እያየ «ለመኪናዋ ብዬ እኮ ነው» ይላል፣ ደጋግሞ። ያን ጊዜ ስንቃቸውን ይዘው የተመለሱት እናቶች ታወሱኝ። ተናደድሁ። በእሱም፣ በራሴም ተናደድሁና ተነሳሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አንዴ ይስሙኝ። አሻጥር እውቀት አይፈልግም? አሻጥረኛ ማለት የመኪና ሆድ ዕቃ አውቆ፣ አስቦ፣ አቅዶ የሚያበላሽ ነው። ይሄን ሰውዬ እዩት እስቲ! መኪና በቅቤ የሚያሽ ሰው ነው። ለዝንብ ግብር የሚያበላ ሹፌር ነው! ኢምፔሪያሊዝም ሰው ቢቸግረው እንኳ ይሄን ይቀጥራል? ታንክ ነዳሁ የሚላችሁ የውኃ ቦቴ ነው፤ እሱንም ወደ ኋላ መንዳት አቅቶት ሰው ይገፋለት ነበር። ፊደል ያቃተው አሻጥር ከየት ይምጣለት? ይሄን አሻጥረኛ ብለው ደብረ ታቦር ቢልኩት እዚያ ያሉት ይስቁብዎታል። ሞኝ ነው! ከእናቱ ሆድ ሞኝ ሆኖ የወጣ ነው!»

መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁ። ቀጥሎ ወንዶቹ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ጣሉት። በመጨረሻ ጓድ ታከለ ራሱ፣ ዘይቱ ካኪው ላይ እንዳለ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ከሳቀ ገመድ ይላላል።

«ግለ ሂስ ያድርግ። ሞኝ ነኝ እንጂ አሻጥረኛ አይደለሁም ይበል፤ እንለቀዋለን» አለ።

ሁላችንም ጠበቅን። የጥጋቡ ፊት ቀላ፣ አፉ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሊለው አልፈለገም! ደብረ ታቦር እየጠበቀው፣ ሞኝ ነኝ ማለት ከበደው።

«በል!» አለች ሐረገ ወይን ከወደቀችበት። «በልጆችህ ሞት፣ በል!»

«ሞኝ ነኝ» አለ። «አሻጥረኛ አይደለሁም።» ድምፁን ሰው አልሰማውም ብለው ደግመው አስባሉት።

በዚያው ዳምጤም ተፈታ፣ ጥጋቡም ተፈታ። መንጃ ፈቃድ ያለው ሌላ ሰው ስላልነበር መኪናዋንም መልሰው ሰጡት። ስሙ ግን አልተመለሰለትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥጋቡ ሊጡ ነው። ሕፃን አዋቂው ሊጡ መጣ፣ ሊጡ ሄደ ይለዋል።

ጥቂት ሰንብቶ ቤቴ መጣ። ጠጪ የሌለበትን ሰዓት መርጦ ነው። መነጽሩን አላደረገም። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ መለኪያ አነሳሁ።

«ካሰች፣ ለምን ዝም ብለሽ አላስወሰድሽኝም?» አለኝ። «ታስሬ ብመለስ ሰው ይፈራኝ ነበር። አሁን እኮ ሕፃን ይስቅብኛል።»

መለኪያውን መልሼ አስቀመጥሁት። «አንተ ደንቆሮ!» አልሁት። «እነዚያን እናቶች ሄደህ ጠይቃቸው። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ 'ያንቺ ልጅ ሞኝ ነው' ቢልላት፣ እግሩን የማትስም አንዲት እናት ካገኘህ ተመልሰህ ና።»

አልተመለሰም። ያን ቀን መኪናዋን አስነስቶ ሲሄድ ጡሩምባ አልነፋም።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እሱ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የልጅ ልጆቹ ጉልበቱ ላይ ይወጣሉ። በዚያ ሳልፍ ፊቱን ያዞራል፣ ሰላም አይለኝም። አይበለኝ። ፊቱን ለማዞር አንገቱ በቦታው አለ አይደል።